ጥያቄና መልስ፦ የድሮው ዳታቤዝ፣ የስማችን አጻጻፍና የመጽሐፍ ኢንዴክስ

ከቤተ መጻሕፍት፣ ከሰነድ ማእከልና ከኅትመት ባለሙያዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በጉዳይ የሚቀራረቡትን አራቱን ለዚህ እትም መርጠናል። ደብዳቤዎቹ ለአምዱ እንዲመጥኑ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ የምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከእኛ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት በሲዲኤስ/አይሲስ (ባጭሩ አይሲስ) በተባለው የድሮ የዳታቤዝ ፕሮግራም የመዘገቡት ዳታቤዝ አለን። የእንግሊዝኛው መዝገብ ደህና ነው፤ የአማርኛ መጻሕፍት መዝገብ ግን ያኔ በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ በመሆኑ ወደ አሁኑ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌራችን ወደ ኮሃ ስናስገባው የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ይሆናል። ባልደረቦቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ካታሎግ ማድረግ ይሻላል ይላሉ። እርስዎስ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እንደ አዲስ መሥራቱን ለጊዜው አቆዩት። በመዝገቦቹ ውስጥ ያለውን የርእሰ ጉዳይ ቃል፣ የመደርደሪያ ቁጥርና ማስታወሻ ያስገባው መጽሐፉን በእጁ ይዞ ያገላበጠ ባለሙያ ነው፤ ያን ያህል ድካም የሚጣለው ሌላ መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ብቻ ነው። የእናንተ መንገድ ደግሞ አልተዘጋም።

ሲዲኤስ/አይሲስ መነሻው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለም የሥራ ድርጅት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ዩኔስኮ በ1985 እ.ኤ.አ. በግል ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ቅጂ አውጥቶ በታዳጊ ሀገሮች ላሉ ተቋማት በነፃ ስላደለው፣ የንግድ ሶፍትዌር ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው የአፍሪካ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጋቸውን በኮምፒውተር የጀመሩት በአብዛኛው በእርሱ ነው። ርዝመቱ የማይወሰን ፊልድ (የመዝገቡ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ርእስ ወይም ደራሲ)፣ የሚደጋገም ፊልድና ንኡስ ፊልድ መቀበሉ ለመጽሐፍ መዝገብ የተመቸ አድርጎት ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የቢሮ ዳታቤዞች ሦስት ደራሲ ያለውን መጽሐፍ እንኳ በወጉ መያዝ ይቸግራቸው እንደነበር የሚያስታውሱ ባለሙያዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል።

ችግሩ ያለው ፎንቱ ላይ ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ባይት ስለሚይዝ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነበር። የእኛ ፊደል ግን ከነእርባታው፣ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ ፎንት ሠሪዎቹ ወይ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል፣ ወይ አንዱን ፊደል ከሁለት ኮድ እንዲገጣጠም አድርገውታል፤ ያም ሆነ ይህ የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነው። ግዕዝ የየቋንቋውን ፊደል በሚይዘው ዓለም አቀፍ የኮድ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ቅጂ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ የአማርኛ መዝገብ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነበበው ያው ፎንት ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ከማናቸውም ነገር በፊት የዚያን ፎንት ፋይል ፈልጉ፤ ከድሮ ኮምፒውተርም ይሁን በጡረታ ከተሰናበተ ባልደረባ ዲስኬት ይገኝ ይሆናል። ፎንቱ ከተገኘ የትኛው ኮድ የትኛው ፊደል እንደሆነ ሰንጠረዥ መሥራት የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ከዚያ የዳታቤዙን ፎልደር በሙሉ ቅዱ። ዋናዎቹ ማስተር ፋይሉ፣ ክሮስ ሪፈረንስ ፋይሉና የፊልዶች መግለጫ ሰንጠረዡ ናቸው፤ የኢንዴክስ ፋይሎቹ ቢበላሹም ከእነዚህ እንደገና ሊወጡ ይችላሉ። የዶስ ቅጂው የድሮ የዶስ ፕሮግራሞችን በዛሬ ኮምፒውተር በሚያሠራው በዶስቦክስ ይከፈታል፤ የዊንዶውሱ ቅጂ ዊንአይሲስ ግን በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ስለማይሠራ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ላይ የቆየ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ መጫን ያስፈልጋችኋል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። ዳታቤዙን መዝገብ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ በሚዛወርበት በአይኤስኦ 2709 ቅርጽ አውጥተው፣ በዚያው ፋይል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ በሰንጠረዡ ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩትና ኮሃ አልቀበልም ሲላቸው ይገረማሉ። በዚህ ቅርጽ እያንዳንዱ መዝገብ 24 ፊደል ባለው ራስጌ ይጀምራል፤ ራስጌውን ተከትሎ ለያንዳንዱ ፊልድ 12 አኃዝ የያዘ ማውጫ ይመጣል፤ 3ቱ የፊልዱ መለያ፣ 4ቱ ርዝመቱ፣ 5ቱ የሚጀምርበት ቦታ ናቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ጽሑፉን እዚያው ስትቀይሩት ርዝመቱም መነሻውም ይዛነፋል፤ መዝገቡ ውስጡ ሌላ፣ ማውጫው ሌላ ይሆናል። በዚህ ላይ አይሲስ ፋይሉን ሲያወጣ በየ80 ፊደሉ መስመር ይሰብራል፣ የፊልድ መጨረሻን በ# ምልክት፣ ንኡስ ፊልድን በ^ ምልክት ያሳያል፤ ኮሃ የሚቀበለው የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ፣ ማርክ፣ የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ የመለያ ኮድ ነው። የተጠቀማችሁበት ፎንት ከእነዚህ ሁለት ምልክቶች አንዱን ለግዕዝ ፊደል ሰጥቶት ከሆነ ደግሞ ፊልዱ ከመሐል ተቆርጦ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ የአይሲስን የማተሚያ ፎርማት ተጠቅማችሁ እያንዳንዱን ፊልድ በታብ የተለየ ተራ ጽሑፍ አድርጋችሁ አውጡት፣ ጽሑፉን ቀይሩ፣ ከዚያ የማርክ መዝገብ ማስተካከያ ፕሮግራም በሆነው በማርክኤዲት ወይም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ካላችሁ በፓይተን ማርክ አድርጋችሁ እንደገና ገንቡት። ርዝመቱን የሚቆጥረው ያን ጊዜ ራሱ ፕሮግራሙ ነው።

የሰው ዓይን የግድ የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ አለ። አይሲስ በመዝገቡ ውስጥ ኮድ እንጂ ፎንት አይዝም፤ ጽሑፉ በምን ፎንት ይታይ የሚለው በማተሚያው ፎርማት ነበር የሚወሰነው። ስለዚህ አንድ የአርእስት ፊልድ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ከሆነ መቀየሪያው የቱ የቱ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ የእንግሊዝኛውንም ቃል ወደ ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይለውጠዋል። የቋንቋ ኮድ ፊልድ በትክክል ተሞልቶ ከሆነ መዝገቦቹን በእርሱ ለዩ፣ ቅልቅሎቹን ለብቻ አውጡና የመጽሐፉን የርእስ ገጽ እያያችሁ አርሙ። የእናንተ ባልደረቦች ሊሠሩት ያሰቡት ሥራ የሚጠቅመው ለእነዚህ ጥቂቶች ነው።

የኅትመት ዓመቱንም አደራ። በመጽሐፉ ላይ 1958 ዓ.ም. ተብሎ ከታተመ እንደታተመው ጻፉትና በአጠገቡ 1965 ወይም 1966 እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጨምሩ፤ ወሩ ካልታወቀ አንዱን መርጦ ማስገባት ግምትን እንደ እውነት መመዝገብ ነው። የድሮው ዳታቤዝ ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ፊልድ ውስጥ ያለምንም ምልክት ቀላቅሎት ከሆነ በዓመት ደርድሩትና ተመልከቱት፤ የመግዣውን ዓመት የያዘ ፊልድ ካለ ከእርሱ ጋር ማስተያየት ብዙውን ይለይላችኋል።

ኮሃ ውስጥ ከገባ በኋላ የፍለጋው ነገር ይቀራል። በድሮው ዳታቤዝ የአማርኛ ፍለጋ አልሠራ ይል የነበረው በከንቱ አልነበረም። ፕሮግራሙ ኢንዴክስ ሲሠራ ትንሹን የላቲን ፊደል ወደ ትልቁ የሚለውጥ ሰንጠረዥ ነበረው፤ በፎንቱ ግን ትንሹና ትልቁ ላቲን ሁለት የተለያዩ የግዕዝ ፊደሎች ስለሆኑ፣ ያን ሰንጠረዥ ያላስተካከለ ቤተ መጻሕፍት ኢንዴክሱ ውስጥ የነበሩት ቃላት በመጽሐፉ ላይ ያሉት አልነበሩም። ይህ ከዩኒኮድ ጋር ሄዷል፤ ሁለት ችግሮች ግን ተከትለዋችሁ ይመጣሉ። አንደኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ዓለም» ብሎ የተመዘገበውን «አለም» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። መዝገቡን እንደታተመ ተዉት፤ የኮሃ የፍለጋ ሞተር ዜብራ በአይሲዩ (የዩኒኮድ ጽሑፍ ማቀነባበሪያ) ሲዋቀር ኢንዴክስ በሚሠራበት ጊዜ ሐን፣ ኀንና ሀን፣ ሠንና ሰን፣ ዐንና አን፣ ፀንና ጸን አንድ የሚያደርግ ደንብ መጻፍ ይቻላል። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «በኢትዮጵያ»፣ «የኢትዮጵያ» እና «ለኢትዮጵያ» በቃል በቃል ኢንዴክስ ውስጥ በሦስት ቦታ ይበተናሉ፣ የቃሉን መጨረሻ ቆርጦ መፈለግም የሚለዋወጠው መጀመሪያው ስለሆነ አይረዳም። ለዚህ እስካሁን ከሁሉ የሚሻለው ቁጥጥር ያለበት፣ ማለትም ከተወሰነ ዝርዝር ብቻ የሚመረጥ፣ የርእሰ ጉዳይ ቃል ነው፤ ከእናንተ በፊት የነበሩት የሠሩትን አትጣሉ ያልኩትም በዋናነት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናታዊ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ነው። የማመሳከሪያ ሶፍትዌር ስጠቀም የኢትዮጵያውያን ደራስያንን ስም እየገለበጠ የአባታቸውን ስም ያስቀድማል፤ አማካሪዬ ደግሞ እያንዳንዱን በእጄ እንዳስተካክል ይነግሩኛል። ሌላ ዘዴ የለም ወይ?

መልስ፦ አለ፤ ማስተካከል ያለብዎት ግን በመጨረሻ የሚወጣውን ዝርዝር ሳይሆን በዳታቤዙ ውስጥ ያለውን መዝገብ ነው። ዝርዝሩን በእጅ ካረሙት፣ የአጠቃቀስ ስልቱን በቀየሩ ቁጥር ስሙ ተመልሶ ይገለበጣል።

ቢብቴክም ሆነ ኤንድኖት፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ዞቴሮም ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው ከሚል ሐሳብ ተነሥተው የተሠሩ ናቸው። የእኛ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ደንብ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስሞች አይገለበጡም፤ በማርክ መዝገብም የደራሲው ፊልድ የመጀመሪያ አመልካች ዜሮ የሚሆነው ስሙ በተጸውዖ ስም የሚጀምር መሆኑን ለማሳየት ነው። በዞቴሮ ከስሙ አጠገብ ያለውን ትንሽ ምልክት ተጭነው ወደ አንድ ሳጥን ይለውጡትና ስሙን ሙሉውን ይጻፉበት። በኤንድኖት ሙሉ ስሙን ጽፈው መጨረሻው ላይ ኮማ ያድርጉ፤ ፕሮግራሙ ለድርጅት ስም በሚያደርገው መንገድ ሳይከፋፍል ይይዘዋል። በቢብቴክ ሙሉ ስሙን በተጨማሪ የጥምዝ ቅንፍ ይክበቡት።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ጥምር ስሞች ላይ ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሶፍትዌሩ እንደልቡ ከተተዉት «ሥላሴ» በሚል ቤተሰብ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ደግሞ «ባይከዳኝ፣ ገ. ሕ.» ያደርጋቸዋል። (ኅሩይ ራሳቸው የሀገራችንን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው ያሳተሙ ሰው ስለሆኑ ነገሩ የበለጠ ያስቃል።) አለቃ፣ አባ፣ ብላቴን ጌታ፣ ዶክተር የመሳሰሉት ማዕረጎች በስሙ ሳጥን ውስጥ አይግቡ፤ አለበለዚያ የዝርዝርዎ ግማሽ በአ ሥር ይሰበሰባል።

መጽሔቱ ወይም ዩኒቨርሲቲው የአባት ስም ይቅደም ብሎ ካስገደደዎትስ? በእኔ አስተያየት ለአርታኢው አጭር ማብራሪያ መጻፍ ይገባል፤ ነገሩ በደንብ ከተብራራ ጥያቄው ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። አንድ ደራሲ በአንዱ ጽሑፍ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ሲጠቀስ የጥቅስ ኢንዴክሶች እንደ ሁለት ሰው ይቆጥሩታል፤ ሥራውም ለሁለት ይከፈላል። የራስዎን ጽሑፍ ማሳተም ሲጀምሩ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጠውን የኦርኪድ መለያ ቁጥር ያውጡ፤ ስምዎ እንዴትም ቢገለበጥ ቁጥሩ አይገለበጥም።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ከተማ ታሪክ የሚተርክ የአማርኛ መጽሐፍ እያረምኩ ነው። ደራሲው በመጨረሻው ላይ ኢንዴክስ (ስሞችና ጉዳዮች በየትኛው ገጽ እንደሚገኙ የሚያሳይ ዝርዝር) እንዲኖር ይፈልጋሉ። ኮምፒውተሩ ቃላቱን ፈልጎ ገጹን ቢያወጣልን አይበቃም? በየትኛው ሶፍትዌር ይሠራል?

መልስ፦ ደራሲው ይመስገኑ፤ ባለ ኢንዴክስ የአማርኛ መጽሐፍ ዛሬም በጣት የሚቆጠር ነው። ኮምፒውተር ብቻውን ግን አይበቃም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የጽሑፎችን አርእስት ወስዶ እያንዳንዱን ቁልፍ ቃል ከዙሪያው ቃላት ጋር በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም አሳይቶ ነበር፤ የአሜሪካ የኬሚስትሪ ጽሑፎችን የሚከታተል አንድ የአርእስት ኢንዴክስም ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ስልት ወጥቷል። ለሳይንስ መጣጥፍ አርእስት ዘዴው ይሠራል፣ አርእስቱ ራሱ በቁልፍ ቃል የተሞላ ነውና። የታሪክ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይጻፍም።

በመጽሐፉ ውስጥ «በ1902 እ.ኤ.አ. መስመሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1917 ጠበቀ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ እንበል። «ባቡር» የሚል ቃል በውስጡ የለም፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ስለ ምድር ባቡር የሚጠይቅ አንባቢ መጀመሪያ ሊያገኘው የሚገባው ነው። በሌላ ገጽ ደግሞ እናቶች እህል ይዘው ባቡር ቤት ሲሄዱ ይተረካል፤ ይኼኛው ባቡር ወፍጮ ነው። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ይዘለዋል፣ ሁለተኛውን ከባቡር ሐዲድ ጋር ይጨምረዋል። ኢንዴክስ ሠሪው ገጹን አንብቦ «ምድር ባቡር» እና «የእህል ወፍጮ» በሚሉ ሁለት መግቢያዎች ይለያቸዋል። በእንግሊዝ የኢንዴክስ ሠሪዎች ማኅበር በ1957 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ሥራውም የራሱ ዓለም አቀፍ መመሪያ አይኤስኦ 999 የኖረው ይህ ፍርድ ሙያ ስለሆነ ነው።

ሶፍትዌሩ የሚያግዘው በመደርደር፣ ድግግሞሽ በማጥፋትና ገጽ በማቀናጀት ነው። ማክሬክስና ሲንዴክስ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ ሆኖም ለአንድ መጽሐፍ የሚያስፈልጉ አይመስለኝም። የማይክሮሶፍት ወርድ ኢንዴክስ ይበቃዎታል፤ ምልክቱ በጽሑፉ ውስጥ ስለሚቀመጥ ገጹ ቢገፋም ኢንዴክሱን ሲያድሱት ቁጥሩ ይስተካከላል። የገጽ አቀማመጡ በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ ግን ኢንዴክሱን ከመጨረሻው ማረሚያ ቅጂ ላይ ይሥሩት፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የገጽ ቁጥር ሁሉ እንደገና መታየቱ አይቀርም።

አስቀድመው የሚወስኑት ነገር የፊደል አጠቃቀምን ነው። ደራሲው «ሐረር» እና «ሀረር» እያፈራረቁ ጽፈው ከሆነ ሁለቱ በኢንዴክሱ ውስጥ ይራራቃሉ፤ አንዱን መርጠው ከሌላው «ይመልከቱ» ብለው ያመልክቱ። እንደዚሁ «ደብረ ዘይት፣ ቢሾፍቱን ይመልከቱ»፣ «ናዝሬት፣ አዳማን ይመልከቱ» የሚሉት የግድ ያስፈልጋሉ፤ አንባቢው የትኛውን ስም ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅምና። ነገሥታትና መኳንንት በስማቸው እንጂ በማዕረጋቸው አይግቡ፤ «ምኒልክ፣ ዳግማዊ አፄ» ማለት በአ ሥር የነገሥታት ሰልፍ ከማቆም ይሻላል። ከስድስት ሰባት በላይ የገጽ ቁጥር የተደረደረበት መግቢያ ካለ ደግሞ በንኡስ መግቢያ ይክፈሉት፤ በከተማው ታሪክ ውስጥ የከተማው ስም ብቻውን ሃምሳ ገጽ ከተከተለው ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ በጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍታችን መጋዘን ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በደንበኝነት ይመጡ የነበሩ የሜድላይን (የሕክምና መጣጥፎች ዳታቤዝ) ሲዲ-ሮሞች አሉ። ይጣሉ ወይስ ይቀመጡ?

መልስ፦ በሜድላይኖቹ አይጨነቁ። የሜድላይን መነሻ የሆነው የሕክምና መጣጥፎች ዝርዝር፣ ኢንዴክስ ሜዲከስ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. በወረቀት ተጀምሮ፣ በ1964 ወደ ኮምፒውተር ገብቶ፣ ከ1971 ጀምሮ በሜድላይንነት በስልክ መስመር ይፈለግ ነበር። ለእኛ ዓይነቱ ሀገር የመስመሩ ክፍያ የማይቀመስ ስለነበር 650 ሜጋባይት ገደማ የሚይዘው ሲዲ-ሮም ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተከፈለበት ተማሪው ደቂቃ ሳይቆጠርበት የፈለገውን ያህል ይፈልግበታል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ያው መረጃ በፐብሜድ ድረ ገጽ ለሁሉም በነፃ ክፍት ሆኗል፤ በዲስኮቹ ላይ ያሉት የመጽሔት መጣጥፎች ጥቆማዎች እዚያ ይገኛሉ።

ከመጣልዎ በፊት ግን ሣጥኑን አንድ በአንድ ይፈትሹት። ከሜድላይኑ ጋር የሀገር ውስጥ የጉባኤ ጽሑፎችን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ዝርዝርን ወይም የአንድ ፕሮጀክት ዘገባን የያዘ ዲስክ ተቀላቅሎ ከተገኘ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ዛሬውኑ ወደ ምስል ፋይል ይቅዱት፤ የዲስክ ገጽ በሙቀትና በእርጥበት እያደር ይበላሻል። የመፈለጊያ ፕሮግራሙ የዶስ ከሆነ የምስል ፋይሉን በዶስቦክስ ውስጥ እንደ ሲዲ አስገብተው ሊከፍቱት ይችላሉ። ከሽፋኑ ጋር የመጣ የመጠቀሚያ መመሪያ ካለም ስካን አድርገው ከፋይሉ ጋር በአንድ ቦታ ያስቀምጡት፤ የመክፈቻው የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።